ቢጫ ነው፣ አባዬ

አባቴ ያለ እኔ ማንጎ አይገዛም ነበር። አርብ ጠዋት እናቴ ከመድረሷ በፊት እጄን ይዞ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ገበያ ይወስደኝና ከክምሩ አንዷን አንስቶ ፊቴ ላይ ይደቅናታል። «በስላለች?» ይለኛል። «ገና ናት» ካልኩት ይመልሳታል፤ «በስላለች» ካልኩት ወደ ፌስታሉ ታልፋለች። ሻጩ ጥምጣሙን እያስተካከለ ይስቅብናል። እኔ ግን ኩራቴ ለጉድ ነበር። የጓደኞቼ አባቶች ማባዛት ያስጠናሉ፣ የእኔ አባት ደግሞ ማንጎ መምረጥ ያስተምረኛል ብዬ ነበር የማምነው።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሦስት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ስለሺ የሐጅ ተውፊቅ ቤት ዘበኛ ሲሆን የምንኖረውም ከትልቁ የብረት በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ዘርፈሽ፣ ጀብራ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ አርብ ትመጣና ቅዳሜ በማለዳ ትመለሳለች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ የነበረው አባቴ ብቻ ነው። እናቴ ስላልነበራት ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። ወረቀት የሌለው ሰው ከመንገድ ታፍሶ የሚወሰድበትን አሰሳ ሱዳኖች «ከሻ» ይሉታል። ይህን ቃል ከሀሁ በፊት ነው ያወቅሁት።

አባቴ ዓረብኛ እንደ ነገሩ ቢሞክርም ንግግሩ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነበር፦ «ሐዲር»። እሺ ጌታዬ እንደማለት ነው። በሩ ይከፈት? ሐዲር። ጄኔሬተሩ ይነሣ? ሐዲር። አንድ ቀን አራት ሰው የተሸከመው የመስታወት ሳጥን መጥቶ ሳሎኑ መሐል ተቀመጠና ሐጅ፣ «ያ ሲላሺ፣ የዓሦቹን ውሃ አንተ ነህ የምታዘጋጅልኝ» ሲለውም ያው ሐዲር አለ። ከአራት ሳምንት በኋላ የሐጅ ልጅ ዘኪያ ቀለበት የምታስርበት ቀን ነበር። የአማቾቹ ወገን ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ወርቅማ ዓሦች ላይ እንዲሆን ሐጅ ፈልጓል።

ሐጅ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴን ትከሻውን ይዞ፣ «ይህን ካሳመርክልኝ፣ በማግስቱ የሚስትህን ወረቀት በራሴ ስም አስጨርሳለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለው። አባቴ የሐጅን እጅ ይዞ ቀረ። ወደ ክፍላችን ስንመለስ፣ «ናርዲ፣ እናትሽ መስኮት አጠገብ ልትቀመጥ ነው» አለኝ።

ሳጥኑን የሸጠው ረሺድ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ ስልኩ ከጆሮው አይወርድም። ዓረብኛውን እኔ ነበርኩ ለአባቴ የምተረጉምለት። «አልሞያ ነይ» አለ፤ ውሃው ገና ጥሬ ነው ማለቱ ነው። ዓሣ ሲበላም ሲሸናም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይለቃል። ያንን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ደግሞ አሉ፤ እነሱ በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ቤት ሠርተው እስኪበዙ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ዓሣ አይገባም፣ ስፖንጁም አይታጠብም። በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ውሃው ላይ ይጣልና ይበስብስ፤ ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያ ለነፍሳቱ ቀለብ ይሆናል።

ከዚያ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ፣ አንድ የመስታወት ቱቦና ቀለም የታተመባት ካርድ ሰጠን። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ስምንት ጠብታ፣ መነቅነቅ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። «ቢጫ ከሆነ መርዝ የለም። ከዚያ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ አትደንግጡ፣ መሄድም አለበት። ተመልሶ ቢጫ ሲሆን ያን ጊዜ ውሃው በስሏል። ደውሉልኝ፣ ዓሦቹን አመጣለሁ። ዓሦቹ ከገቡ በኋላ አረንጓዴ ካያችሁ ግን ውሎ አይደር! የውሃውን ግማሽ ወዲያው ቀይሩ።»

እኔ ይህን ሁሉ ስተረጉም አባቴ ካርዷን እያገላበጠ ይመለከት ነበር። ጠርሙሶቹን አልነካም። ካርዷን ብቻ ፊትም ጀርባም አያት፣ ከዚያ በኪሱ ከተታት።

ዝናብ ስለነበር የቧንቧው ውሃ የዓባይን ጭቃ ይዞ ነበር የሚመጣው። አባቴ ከበሩ ውጭ ለመንገደኛ የተቀመጡት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ውስጥ እያጠለለ በባልዲ እያመላለሰ ሳጥኑን ሞላው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥነ ሥርዓታችን ይጀመራል። እኔ የዓሣ ምግቡን እበትንና ላላየኋቸው ነፍሳት «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ። አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጠብታ ይቆጥራል። አምስት ደቂቃዋ ስትሞላ ቱቦውን በመስኮቱ ብርሃን ከካርዷ ጋር አስጠግቶ ይይዝና፣ «እስቲ ናርዲ፣ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ይለኛል። ያው የማንጎው ትምህርት ነው አልኩ። ደረጃው ከፍ ብሏል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጫ ነበር። ከዚያ ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በጋሪ ተጭኖ ለፍየል የሚመጣውን የብርሲም ሣር መሰለ።

በዚያ አርብ እናቴ መጣች። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰው ሁሉ የሚያስተኛ ነበርና እኔም አልጋ ላይ ተጋድሜ የተኛሁ መሰልኩ።

«ስለሺ፣ አንተ ሰውዬ፣ እንዴት እሺ ትላለህ?» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ ነገርህስ?»

«ናርዶስ አለችልኝ።»

«ልጅ ናት እኮ!»

«ልጅ ብትሆንስ? ታያለች። ከሁላችንም በላይ ታያለች።»

«ለሰውዬው ብትነግረው ምን ይልሃል?»

«ለፊተኛው አሠሪዬ ነግሬ አይደል ሹፍርናውን ያጣሁት? ዓይኑ ጉድለት ያለበትን ዘበኛ ማን ያቆያል? ደግሞ ወረቀትሽ አለ።»

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የመረጠው «ከሁላችንም በላይ ታያለች» የሚለውን ብቻ ነው። ብልህ ናት እያለኝ መስሎኝ በደስታ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩ። ሹፍርና የሚለውን ሰምቼ ነበር፤ ስለ ድሮ ነገር የሚያወሩ መስሎኝ አለፍኩት።

አባቴ አረንጓዴንና ቢጫን አይለይም። ይህን ያወቅሁት ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው፣ ጎንደር። የሙአለ ሕፃናት አስተማሪዋ ልጄ የዛፉን ቅጠል ሁሉ ቡኒ እንደሚቀባ ስትነግረኝ ደንግጬ ወረቀቱን ቤት ይዤ መጣሁ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሥዕሉን አየውና፣ «ምን ሆነ? ደህና ቅጠል ነው» አለኝ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ «የኔን ዓይን ወርሶ ይሆናል» አለ። እንዲሁ፣ እንደ ዋዛ። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ስለ ልጄ ማሰብ ሲገባኝ የብርሲም አረንጓዴ ነበር የታየኝ።

ወደዚያ ሳሎን ልመለስ። ሦስተኛው ሳምንት አለፈ፣ አራተኛው ገባ፣ ቱቦው ግን ከአረንጓዴው ፈቀቅ አላለም። ጠዋት ጠዋት «አረንጓዴ ነው» ስል የአባቴ ፊት ጭልም ይላል። ቀለበቱ ሐሙስ ነው። ሰኞ ዕለት ሐጅ ወንበር ደርዳሪዎቹና ቀለም ቀቢዎቹ ባሉበት ሳሎን ገባና ባዶውን ሳጥን አይቶ ቱግ አለ።

«ሊሳ? እስካሁን? አንድ ሳጥን ውሃ ማዘጋጀት ያቅትሃል?»

«ሐዲር፣ ያ ሐጅ።»

«ሐዲር አትበለኝ! ሐሙስ ሰው ሲገባ ባዶ ውሃ ላሳይ? አንተን ያመንኩ እኔ ነኝ ሞኙ!»

ከቀለም ቀቢዎቹ አንዱ ሳቀ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር፣ የጆሮው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ከበሩ ሥር ሆኜ አየሁት። አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሳጥኑን በድንጋይ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን አቅም አላት? ያለኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ጠብታው ተቆጠረ፣ አምስት ደቂቃው ሞላ። አባቴ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣ። አረንጓዴ ነው፤ ጥርጥር የለውም። እኔ ግን የማየው ቱቦውን ሳይሆን ፊቱን ነበር።

«እስቲ ናርዲ?»

«ቢጫ ነው፣ አባዬ።»

እጁ ቆመ። «ቢጫ?»

«አዎ፣ ቢጫ።»

«ደህና አድርገሽ እዪው የኔ ልጅ። ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ካርዷን አስጠጋልኝ። ጣቴን ቢጫዋ ላይ አደረግሁ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልረሳውም። እሱም እያየው ነው እኮ አልኩ። ብዋሽ ያርመኛል። አባት አይደል? ዓይኑ ቱቦው ላይ ነው፣ ቱቦው ብርሃን ላይ ነው፣ ውሸቴ የትም አይደርስም። እሱ ግን አላረመኝም። ግንባሬን ሳመኝና በነጠላ ጫማው እየሮጠ ወደ ረሺድ ሱቅ ሄደ። አባቴ ዝም ካለ ቢጫ ይሆን ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ትልቅ ሰው ቢጫ ነው ካለ ቢጫ ነው።

ረሺድ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ ስምንት ወርቅማ ዓሦች በውሃ በተሞሉ ላስቲኮች ይዞ መጣ። «በአራት ሳምንት? ማሻአላህ፣ ፈጣን ነው። አየኸው አይደል?» ሲል አባቴን ጠየቀው። «አየሁት» አለ አባቴ። ረሺድ ሌላ ደንበኛ ስልክ ላይ ይጮህበት ስለነበር ላስቲኮቹን ፈታና ሄደ። ዓሦቹ ሲበተኑ ሳሎኑ ሁሉ የሞቀ መሰለኝ። ሐጅ ራሱ መጥቶ አያቸውና አባቴን ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዱ ቱቦውን አነሣ። ይበልጥ አረንጓዴ ሆኗል። አሁን ምን ልበል? አረንጓዴ ብል ትናንትና የዋሸሁት ሊወጣ ነው። «ቢጫ» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀል ነበር። ያን ቀን አረንጓዴ ብዬው ቢሆን ግማሹን ውሃ ቀይሮ ያተርፋቸው ነበር። ባልዲዎቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረው ነበር፣ ጋኖቹም ሙሉ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጡ። አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚዘምሩ መሰለኝ። ለሐሙስ እንግዶች ልምምድ ላይ ናቸው አልኩና ፊታቸው ተቀምጬ ቤተ ክርስቲያን የተማርኩትን መዝሙር አብሬያቸው አልኩ። የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ የወሎዋ እትዬ ሀጀራ፣ ሳህን ይዛ ስታልፍ ቆም አለች።

«ጋሽ ስለሺ፣ ኧረ እነዚህ ፍጥረቶች ምን ሆነው ነው የሚያንጋጥጡት? አየር ያጠራቸው ይመስላሉ!»

አባቴ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ናርዲ፣ የጠዋቱ ቢጫ ነበር አይደል?»

«ቢጫ ነበር፣ አባዬ።»

«እንግዲያስ ውሃው ደህና ነው» አለ ለእትዬ ሀጀራ። «አዲስ ቤት ሆኖባቸው ይሆናል።» እሷም ራሷን ነቅንቃ ሄደች። እኔም መዝሙሬን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ሳሎኑ ተደርድሮ ተቆልፎ ስለዋለ ዓሦቹን ያያቸው አልነበረም፤ ሴቶቹ በእልልታ ሲገቡ ሰባቱ ሳጥኑ ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር፤ ጉንጫቸው ሥር የደም ቅላት ይታያል። የቀሩት በጀርባቸው እየተንሳፈፉ ይንፈራገጣሉ። ከእንግዶቹ ጋር የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኸች። ከአማቾቹ ወገን አንዲት አሮጊት ፊቷን ሸፍና፣ በቀለበት ቀን ሬሳ ማየት ደግ አይደለም አለች። ዘኪያ በዚያ ሁሉ ጌጥዋ ውስጥ ሆና አለቀሰች። አባቴ እጅጌውን ሳይሰበስብ ክንዱን እስከ ብብቱ ውሃው ውስጥ ከቶ አንድ በአንድ ያወጣቸው ነበር። ያወጣቸውን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት በጃለቢያው ይታቀፋቸዋል።

ረሺድ ተጠርቶ እያለከለከ ደረሰ። ስምንት ጠብታ፣ ስምንት ጠብታ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልጠበቀም። ቱቦውን ከፍ አድርጎ ለሐጅ አሳየው። «አኽደር! አረንጓዴ፣ ሣር ነው እኮ ይሄ! ይህን ቢጫ ነው ያለው ማን ነው?»

እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።  አሁን አባቴ ዞሮ በጣቱ ያመለክተኛል ብዬ ጨርቁን ጨብጬ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። ለዚያች አንድ ጊዜ ሐዲር አላለም። «እኔ ነኝ ያየሁት። ቢጫ ነበር።»

«ዓይን የለህም እንዴ አንተ!» አለ ሐጅ።

ያን ጊዜ ነው «ሐዲር» ያለው።

ምን እንደተሰማኝ መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን የዚህ ታሪክ ዋናው ነገር እሱ ነው። ደስ አለኝ። አባቴ በገዛ ዓይኑ ቢጫ አይቷል! እንግዲያስ እኔ አልዋሸሁም። አረንጓዴ የመሰለኝ እኔን ነው፣ ዓሦቹም በሌላ ነገር ነው የሞቱት። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ መድኃኔ ዓለምን አመሰገንኩት፣ ከኃጢአት አውጥተኸኛልና ብዬ። በዚያች ደቂቃ አባቴ እርጥብ ዓሣ ታቅፎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ነበር። እሱ አጠገቤ ሲሰምጥ እኔ ስለ ደኅንነቴ የምስጋና ጸሎት ደገምኩ።

በማግስቱ አርብ አባቴ ገበያ ብቻውን ሄደ። ተነሥቼ ጫማዬን እስካደርግ ድረስ ከበሩ ወጥቶ ነበር። አራት ማንጎ ይዞ መጣ፤ ሦስቱ ድንጋይ የመሰሉ ጥሬ፣ አንዱ በስሎ ያለፈበት። እናቴ የሆነውን ሁሉ ከእትዬ ሀጀራ ሰምታ ነበር የገባችው። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ናርዲ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያየሽው ምን ነበር?»

«ቢጫ ነበር፣ እማዬ። አባዬም አይቶታል።»

እናቴ አባቴን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ተያት ዘርፌ፣ የጠየቅኋት እኔ ነኝ» አለ። እሷም አገጬን ለቀቀች። ከዚያ አንዷን ጥሬ ማንጎ ቆራርጣ በጨውና በሚጥሚጣ መብላት ጀመረች። «ስወድ» አለች። «ዛሬስ እንዲህ ያለ ሲያምረኝ ነው የመጣሁት።» አባቴ ቀና ብሎ አያት። እኔም አመንኳት። ጎምዛዛ ነገር ጥርሷን እንደሚያማት የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሐጅ አባቴን አላባረረውም። የወረቀቱን ነገር ግን ዳግመኛ አላነሣም፤ አባቴም አላስታወሰውም። በምን አፉ? ባዶው ሳጥን ወደ ጓሮ ወጣና ዶሮ ታቀፈችበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ አርብ እናቴ ሳትመጣ ቀረች። በዚያ ጎምዛዛ ማንጎ ተቀይማ ነው ብዬ በሩ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋት። ከሻው ጀብራ ከሚኒባስ አውርዶ ነበር የወሰዳት። አርባ ቀን ታስራ በመተማ በኩል ተሸኘች። እኔና አባቴ ተከትለናት እስክንገባ ዐሥራ አራት ወር ፈጀ። ከዚያ እስር ይዛው የወጣችው ሳል እስከ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስተኛታል።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ብዙ ጊዜ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ምንስ እነግረዋለሁ? ረሺድ ቱቦውን ከፍ ሲያደርግ «አኽደር» ሲል ሰምቷል። በዚያች ሰዓት አውቋል፤ አውቆም ነው «እኔ ነኝ ያየሁት» ያለው። ይቅርታ ልለምነው ብነሣ ያ ቀን እንደ አዲስ ይመጣበታል፤ ዝም ስል ደግሞ እኔን ይበላኛል። ሁለቱም አልሆነልኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄና ከአባቴ ጋር ገበያ ወጣን። ልጄ ሮጦ ከክምሩ አንድ ማንጎ አነሣና ፊቴ ላይ ደቀነው። «እማዬ፣ በስሏል?» አለኝ። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም። ማንጎው እንደ ጸሐይ ቢጫ ነበር። አገላብጬ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ ከዚያ፣ «በስሏል ልጄ፣ ቢጫ ነው» አልኩት። ልጄ ወዲያው አመነኝና ወደ ፌስታሉ ሊከተው ዞረ። አባቴ ፈገግ እያለ ማንጎውን ከእጁ ተቀበለው፣ በአውራ ጣቱም ጫን አድርጎ አየው።